ተቀባይ የሌለው ዘፈን

(ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በጋራ አዳራሹ ውስጥ ለሰፈራችን ወጣቶችና ለጀማሪ ዲጄዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ የቀረው አፌ ላይ እንደመጣ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። በሩ ላይ የቆማችሁ ግቡ፣ ወንበር አለ። ወንበሩ የእድሩ ነው፤ ማክሰኞ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነበር፣ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ለክርስትና ይፈለጋል ተብያለሁ። ስለዚህ እባካችሁ ጭፈራው ሲሞቅ ላዩ ላይ አትውጡበት። ባለፈው ወር ሁለት ተሰብሮ ከኪሴ ነው የከፈልኩት።

ስለ ክለብ ባህል ተናገር ስባል መጀመሪያ የታየኝ የእናቴ ፊት ነው። እናቴ ፊት «ክለብ» የሚለውን ቃል ጠርቼ አላውቅም ነበር። «የት አመሸህ?» ስትለኝ «ሥራ» እላለሁ። «ምን ዓይነት ሥራ ነው ሌሊት የሚሠራ?» ስትል «ኤሌክትሮኒክስ»። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይባልም። እንዲህ እየተባባልን ዓመታት ካለፉ በኋላ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ዲጄ ሆኜ ቆምኩ። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣች። ሞንታርቦውን አየች፣ ገመዱን አየች፣ እኔን አየች። ቤዙን ቀንሼ የዘፋኙን ድምፅ ብቻ ስተወው ቤቱ በሙሉ አዝማቹን ሲመልስ ሰማች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ታዲያ ይሄ ምን ያሳፍራል? ዘፈን አውጪ ነህ እኮ» አለችኝ።

በገጠር ሰርግ የጨፈረ ሰው ምን ማለቷ እንደሆነ ያውቃል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አውጪው ግጥሙን ይወረውራል፣ ተቀባዩ አዝማቹን እየመለሰ ያጨበጭባል፣ መሃል የገባው እስክስታውን ይወርዳል። አዝማሪ ቤት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ያንኑ በማሲንቆው አዋዝቶ ለቤቱ ይመልሳል። አንዳንዴም ግጥሙን የሰጠውን ሰውዬ ራሱን ወግቶ ይመልሳል፤ ሰውዬው ወርቁ የገባው ታክሲ ውስጥ ነው።

እኔ ክለብ የምለው ይህን ነው፤ ድምፅ ያለው የጭፈራ ሙዚቃ፣ የሚዘፍን ሰው ያለበት፣ ወለሉ ላይ ደግሞ የሚቀበል ሰው ያለበት። መጠጡ፣ መብራቱ፣ በሩ ላይ የቆመው ጎረምሳ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ሺሻና ጫት የምትሉኝ እንዳላችሁም አውቃለሁ። እሱ ያለ ሙዚቃም ይኖራል፤ ዛሬ አልነካውም።

አጎቴ በደርግ ጊዜ ሆቴል ቤት አስተናጋጅ ነበር። ያኔ ሰዓት እላፊ አለ። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይታወቅም። ስለዚህ ሙዚቃ ሊሰማ የወጣ ሰው ሁለት ምርጫ ነው ያለው፤ በጊዜ መግባት ወይም እስኪነጋ እዚያው ማደር። ብዙ ሰው ያድር ነበር። በሩ ይዘጋል፣ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ይጨፈራል፣ ሲነጋ ሰዉ አይኑን እያሸ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሂልተን ዋሊያስ ባንድ፣ ጊዮን ዳህላክ ባንድ የሚጫወቱበት ዘመን ነው። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከሁለቱም ጋር ሠርቷል። በኋላ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠፋ አውጥቶ ይለማመዳል። እኔ ኢንተርኔት ተቋረጠ ብዬ ልምምድ ስተው እሱን አስታውሼ አፍራለሁ።

አጎቴ እንዲህ ይል ነበር፦ «መሣሪያ ብቻ ሲጫወቱ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያወራል፤ እኛም እንሸጣለን። ዘፋኙ ሲወጣ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ሽያጭ የለም።» ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዘፋኙ ድምፁ ሲሰለል ደግሞ ሰዎቹ ይዘፍኑለት ነበር አለኝ። ሰዓት እላፊ የታወጀው ሰው እንዳይሰበሰብ ነው። በውስጥ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች ተዘግቶባቸው እስኪነጋ አንድ አዝማች ሲቀባበሉ ያድራሉ።

አሁን ወደ ሩቅ ልውሰዳችሁ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። 1977 ቺካጎ ውስጥ ዌርሃውስ የሚባል ጭፈራ ቤት ተከፈተ። መጋዘን ማለት ነው። ከኒው ዮርክ የመጣው ፍራንኪ ነክልስ ነበር ሸክላ የሚያጫውተው። የሚመጡት ሌላ ቦታ በር የተዘጋባቸው ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ግብረ ሰዶማውያን። ይህን ቆርጬ ታሪኩን ብነግራችሁ ዋሽቻችኋለሁ። ዛሬ «ሃውስ» የምንለው የሙዚቃ ስም ከዚያ ቤት ስም የመጣ ነው።

ቤቱ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት፣ ጁላይ 12 ቀን 1979፣ እዚያው ከተማ ኮሚስኪ ፓርክ የሚባል የቤዝቦል ስታዲየም ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ በ98 ሳንቲም ይግባ ተባለ። ሸክላው በትልቅ ሳጥን ተከማችቶ በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ሜዳው ላይ በፈንጂ ጋየ። ተመልካቹ ሜዳውን ወረረው፤ ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀርቶ ባለሜዳው ቡድን በፎርፌ ተሸነፈ። ያን ቀን ስታዲየሙ ውስጥ ወንበር እያሳየ ይሠራ የነበረ ቪንስ ሎውረንስ የሚባል ጥቁር ልጅ ነበር። ሰዎቹ ያመጡት ዲስኮ ብቻ አልነበረም፣ ጥቁር የዘፈነው ሁሉ ነበረበት ብሏል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ 1984፣ የመጀመሪያዎቹ የሃውስ ሸክላዎች ሲወጡ ከሠሩት መካከል ይኸው ልጅ አለበት። ዲስኮ ሞተ ተብሎ ከተቀበረበት ከተማ ነው ሃውስ የበቀለው።

እንዴት በቀለ? ድምፁን ስሙት። የእነዚያ ዘፈኖች ዘፋኞች ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ሴቶች ናቸው። ሎሌታ ሆሎዌይ ካራቫንስ ከሚባለው የመዝሙር ቡድን ነው የመጣችው። ማርታ ዋሽም በመዝሙር ነው ያደገችው። አንድ ሐረግ ይዘው ይወጣሉ፣ ይደግሙታል፣ ሲደግሙት ከፍ ያደርጉታል፣ ሰዉ እስኪመልስላቸው አይለቁትም። አውጪና ተቀባይ! ቋንቋውን ሳልሰማ ገና በልጅነቴ የገባኝ ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ፒያሳ የካሴት ቤት ልጅ ነበርኩ። በር ላይ ሞንታርቦ አውጥተን ስንለቅቀው አላፊ አግዳሚው ቆሞ ትከሻውን ይነቀንቃል። እንግሊዝኛውን የሚያውቅ ማንም የለም፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም የሆነ ነገር ይላል። ምን እንደሚል እግዜር ይወቅ። ቴፑ ሲበላው በቢክ እስክሪብቶ አጠንጥነን እንደገና ነው።

ሸክላውም ተለውጦ ነበር። ትንሿ ሸክላ ሦስት ደቂቃ ተዘፍኖባት ታልቃለች። በሰባዎቹ አጋማሽ ኒው ዮርክ ውስጥ ቶም ሞልተን የሚባል ሰው ነጠላ ዘፈንን በትልቁ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ላይ ማውጣት አስለመደ። መስመሩ ሰፋ ብሎ ስለሚቀረጽ ድምፁም ቤዙም ከፍ ይላል፤ ዘፈኑም ይረዝማል። በኋላ ጀርባው ላይ ምቱን ለብቻው፣ አንዳንዴም የዘፋኟን ድምፅ ለብቻው ማኖር ተለመደ። ዲጄ ማለት ያኔ ተወለደ ብላችሁ ብዙ አትሳሳቱም፤ የአንዷን ድምፅ ከሌላው ምት ጋር ማጋባት የተቻለው በዚህ ነው።

ሌብነቱም በዚሁ ገባ። 1989 ብላክ ቦክስ የሚባል የጣሊያን ቡድን ሎሌታ ሆሎዌይ 1980 ከዘፈነችው ላይ ድምፅዋን ቆርጦ አዲስ ምት ላይ ጫነው። እንግሊዝ ውስጥ ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ቴሌቪዥን ላይ ከንፈሯን የምታንቀሳቅሰው ግን ሞዴል ነበረች። በዓመቱ ማርታ ዋሽም ተመሳሳይ ነገር ደረሰባት፤ ድምፅዋ በዓለም ሁሉ ሲጨፈርበት ቪዲዮው ላይ የምትታየው ሌላ ሴት ናት። ማርታ ከሰሰች። ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ የድምፃዊን ስም ሳይጽፉ ማለፍ ለትልልቆቹ አሳታሚዎች ከባድ ሆነ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ላብ ነው ያጠመቀኝ። እኔም አድርጌዋለሁና።

ካዛንቺስ አንድ አዝማሪ ቤት የምትዘፍን ልጅ ነበረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ይሻክራል፤ ጨርቅ ሲቀደድ እንዳለው ዓይነት። አንድ ማታ በኪሴ በያዝኩት ትንሽ መቅረጫ ቀዳኋት። ቤት ገብቼ ጭብጨባውን አጠራሁ፣ ድምፅዋን ቆራረጥኩ፣ ከሥሩ ምት አስገባሁ። ሲዲው ላይ የጻፍኩት የራሴን ስም ብቻ ነው። ያን ዓመት ሰርግ ቤት ሁሉ ተጫወተ። እሷ የሰማችው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሹፌሩን «ይቺ ማን ናት?» ብላ ጠየቀችው። «የዲጄ እገሌ ነው» አላት። ፈልጋ አገኘችኝ። አልጮኸችም፣ ገንዘብም አልጠየቀችም። «የእኔ ድምፅ የአንተን ስም ይጠራል እንዴ?» ነው ያለችው።

በሕጋችን እንደ እሷ ያለው ሰው «ከዋኝ» ይባላል። መብቱ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ታውቋል፣ አዋጁም በ872/2007 ተሻሽሏል። እኔ ያኔ አዋጁን አላነበብኩም፤ ግን እውነቱን ለመናገር ስህተት መሆኑን ለማወቅ አዋጅ አያስፈልገኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ በሠራሁት ሁሉ ስሟ ከእኔ ስም በፊት ይጻፋል። እዚህ በየወሩ በምናዘጋጀው ጭፈራም ከመግቢያው ገንዘብ መጀመሪያ የሚከፈለው ድምፃዊ ነው፤ ከጀነሬተሩ ቤንዚን በፊት፣ ከእኔም በፊት። ጀማሪዎች፣ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙ።

እሺ፣ ለምን ቱሉ ዲምቱ? ክለቡ ቦሌ አይደለም ወይ?

የነበሩንን ቤቶች ቁጠሩ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ውስጡ የነበረው ሙዚቃ ቤት ጃዝአምባ አብሮ ነደደ። መጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ጭፈራ ቤቶች ተዘጉ፤ አንዳንዱ ዳግም አልተከፈተም። 2017 ሲገባ ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃ የባህል ማዕከል የነበረበት ግቢ አብሮ ፈረሰ። ያቺን ልጅ የቀዳኋት ቤትም የለም፤ ቦታውን ላሳይ ብዬ ሄጄ መንገዱ ራሱ ጠፋብኝ። ቺካጎዎች የዌርሃውስን ሕንፃ የከተማ ቅርስ ብለው የመዘገቡት በፈረንጆቹ 2023 ነው፣ ሙዚቃው ካቆመ ከአርባ ዓመት በኋላ። ጀርመኖች የበርሊንን ቴክኖ በማይዳሰስ ቅርስ መዝገባቸው ያስገቡት በማግስቱ ዓመት ነው። ደግ አድርገዋል። ግን ልብ በሉ፣ ጀርመኖቹ የመዘገቡት ሕንፃ አይደለም።

ሰዉ ደግሞ ወዲህ መጥቷል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ከአራት ኪሎ የመጣ አለ፣ ከፒያሳ የመጣ አለ፣ ከካዛንቺስ የመጣ አለ። ከዚህ ቦሌ ድረስ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ላይ ይቀራል። መሽቶ ሚኒባስ ሲጠፋ በስልክ የሚጠራው ታክሲ የሚጠይቀው ሂሳብ ከመግቢያውና ከመጠጡ ድምር ይበልጣል። የሰፈራችን አንዲት ነርስ «ቦሌ ከሄድኩ ወይ ሦስት ሰዓት ላይ መውጣት ነው፣ ወይ እስኪነጋ መቀመጥ» አለችኝ። አጎቴን ነው ያስታወሰችኝ። ሰዓት እላፊው ቀርቷል ብለን ነበር፤ ለዳር ሰፈር ሰው በታክሲ ሂሳብ ተመልሶ መጥቷል። እሷ እዚህ ጨፍራ በእግሯ አምስት ደቂቃ ሄዳ ቤቷ ትገባለች። ሴት ልጅ ብቻዋን መጥታ፣ ማንም ክንዷን ሳይጎትታት ጨፍራ፣ ብቻዋን የምትገባበት ጭፈራ ቤት በሌላ ቦታ ካያችሁ ንገሩኝ፤ ሄጄ እማራለሁ።

ቀላል ነው አላልኩም። ውጭ አገር አሁን የተለመደ ደንብ አለ፤ አውስትራሊያ ውስጥ ቪክቶሪያ ግዛት በፈረንጆቹ 2014 አስገባችው፣ እንግሊዝም ተከተለች። ቀድሞ የነበረ ሙዚቃ ቤት አጠገብ አዲስ መኖሪያ የሚሠራ ሰው የድምፅ መከላከያውን ወጪ ራሱ ይሸከም ይላል። መጪው ይሸከም ማለት ነው። የከተማችን ዲጄዎች ይህን ሲሰሙ ያጨበጭባሉ። እዚህ ግን መጪዎቹ እኛ ነን። ሰዎቹ ቀድመው ዕጣ ወጥቶላቸው ገብተዋል፣ ልጆቻቸውን ያስተኛሉ። ከእነሱም በፊት ገበሬ ነበረ፤ ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ነው፣ እዚህ ሲታረስም ይዘፈን ነበር። ከወር ተራ ድምፃውያኖቻችን አንዱ እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ ሲያወጣ የፒያሳ ልጅ ሁሉ በተሰባበረ ምላስ ይቀበለዋል። ስለዚህ ሸክሙ የእኛ ነው።

መጀመሪያ ስንጀምር እማማ፣ ከአዳራሹ ጎን ምድር ቤት የሚኖሩት፣ በነጋታው ጠሩኝ። ቡና አፍልተው አስቀምጠውኝ «ልጄ፣ ዘፈኑን አልጠላሁትም፤ ግን ያ ድም ድሙ ልቤን ይመታዋል፣ አልጋው ሳይቀር ይነዝራል» አሉ። ትክክል ናቸው። ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ቀን 55፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ 45 ዴሲቤል ነው። 45 ማለት ዝቅ ያለ የሰው ወግ ነው። እኛ ደግሞ ያን ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ነበርን።

ከዚያ ወዲህ የድምፅን ነገር እንደ ትምህርት ያዝኩት። 50 ኸርዝ ላይ ያለ ቤዝ የአንዱ ሞገዱ ርዝመት ሰባት ሜትር ያህል ነው። ብሎኬት ግድግዳ አያግደውም፤ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፣ እማማ አልጋ ሥር ይወጣል። የሰው ድምፅ የሚጎላበት 1000 ኸርዝ አካባቢ ግን ሞገዱ 34 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መስኮት ከተዘጋ ብዙው እዚሁ ይቀራል። ገባችሁ? ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ሰው እንዲንቀሳቀስ ቤዙ ደረት መምታት አለበት። ዘፋኝ ያለበት ሙዚቃ ግን ቤዙ ቢቀንስም ሰዉ ቃሉን ይዞ ይጨፍራል። ለዳር ሰፈር የሚሆነው ጭፈራ ድምፅ ያለው ነው የምለው ስለ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ስለ ብሎኬት ነው።

ስለዚህ ሞንታርቦውን ከወለል አንስተን በአሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጥነው። ትልቁን ቤዝ ስፒከር መለስነው። ከቀኑ አስር ሰዓት ጀምረን ሦስት ሰዓት ላይ እንዘጋለን። ሁዳዴ ላይ የለንም። ብሎኩ ውስጥ ሰው ካረፈ እንሰርዛለን፤ አንድ ቅዳሜ ሞንታርቦውን ዘርግተን ሳለን ተነገረን፣ ያንኑ ወንበር ተሸክመን ድንኳን ልንተክል ሄድን። ለጆሯችሁም እዘኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 ባወጣው መመሪያ ሙዚቃ ቤት በአማካይ ከ100 ዴሲቤል አይለፍ ይላል። የእኔ ግራ ጆሮ ዛሬ ሌሊት ሌሊት እንደ ፌንጣ ይጮሃል፤ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ክረምት ላይ ነው፣ ጭፈራው ሞቅ እንዳለ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩን ሄጄ ብስበው፣ ብስበው እምቢ አለ። አዳራሹ ድቅድቅ ጨለማ ነው። እጄ ላይ የስልኬ መብራት ብቻ አለ፣ የማስነሻው ገመድ መዳፌን ልጦታል፣ የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶታል። ሰዉ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ከውስጥ ጭብጨባ ሰማሁ። አንዲት ልጅ መብራት ሲጠፋ የተቋረጠውን አዝማች ከተቋረጠበት ቦታ ቀጥላው ነበር። ከዚያ ሌሎቹ ተቀበሏት። ጀነሬተሩን ተውኩት፤ ደጁ ላይ ቆሜ ሰማሁ። በነጋታው እማማ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ማታማ ደህና አድርጋችሁ ዘፈናችሁ፣ ያ ድም ድሙ ሳይኖር» አሉኝ። መብራት መጥፋቱን አልነገርኳቸውም።

አሁን እናንተ ወጣቶቹ የምትሉትን አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ይሄ የድሮ ነው፣ አሁን ጊዜው የምት ነው።» አማፒያኖውን እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ደቡብ አፍሪካዎቹ ራሳቸው ድምፅ አልጣሉም። በኮቪድ ዘመን ዓለም ሁሉ የጨፈረበትን «ጀሩሳሌማ» አስታውሱ፤ የያዘን የኖምሴቦ ዚኮዴ ድምፅ ነው፣ ቋንቋው ዙሉ ነው፣ ማንም አልገባውም፣ ሁሉም ዘፈነው። እዚሁ አገራችንም ሮፍናን በእኛ አቆጣጠር በ2010 ኤሌክትሮኒክስን ከአማርኛ ግጥም ጋር ይዞ ሲመጣ ሰዉ ቃል በቃል አብሮት ሲዘፍን አይታችኋል።

ችግሩ ሌላ ነው፣ የእጅ ሥራ ነው። የሃውስ ምት በደቂቃ 120 ገደማ ሆኖ አራት አራት ይራመዳል። የእኛ ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ያነክሳል፣ ውበቱም ማነከሱ ነው። እናንተ ኮምፒውተሩን «አስተካክል» ትሉትና ዘፋኟን አራቱ ምት ላይ በምስማር ትቸነክሯታላችሁ። እስክስታ የሚወርደው ትከሻ ወዴት ይሂድ? አታስተካክሉ። ከበሮውን ወደ እሷ አምጡት። ከሥር የምትጨምሩትን ኮርድም ቀንሱት፤ ትዝታን ወይ አምባሰልን በአራት ኮርድ ስትከቡት ቅኝቱ ይታፈናል። አንድ ድምፅ ያዙና ዝም በሉ። ደግሞ ዝም ማለትን ተማሩ! እኔ ስሠራ የሚያስፈራኝም የምወደውም ሰዓት አንድ ነው፤ ግራ እጄ የቤዙ ቁልፍ ላይ ሆኖ ቀስ እያልኩ ስቀንሰው፣ ከዚያ ምቱን ሙሉ በሙሉ ሳወጣው፣ የእሷ ድምፅ ብቻ አየር ላይ ሲቀር። አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ወይ ሰዉ ይቀበላል፣ ወይ አይቀበልም። ካልተቀበለ አዳራሹ መሃል ራቁትህን እንደ መቆም ነው፤ ደርሶብኛል፣ አልሞትኩም።

ስልካችሁን በተመለከተ አልከለክልም፤ ከልክዬ ማን ይሰማኛል። ስልክ የያዘ እጅ ግን አያጨበጭብም። አንድ ዘፈን ቅረጹ፣ ሌላውን ተቀበሉ።

አስር ሰዓት ሊሞላ ነው። ያቺ የካዛንቺስ ልጅ ዛሬ ልጅ አይደለችም፤ ሁለት ልጆቿ እዚህ ኮንዶሚኒየም ነው የሚማሩት። እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ እየሳቀችብኝ ተቀምጣለች። ስሟን እኔ አልናገርም፤ ማይኩን ስትይዝ ራሷ ትነግራችኋለች። ምቱን የማስገባው ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ነው፣ እስከዚያ እናንተ ናችሁ። በሉ፣ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ጠጋ ጠጋ አድርጉልኝ፣ ቀስ ብላችሁ፣ የእድሩ ነው።